ስለ ጨው፣ ስለ እንቅርትና ስለ ሕፃናት አእምሮ

ባላገር ስለ ማሳው ሲናገር፣ ይህ አፈር ጤፍ ይወዳል፣ ያኛው ለስንዴ ይስማማል ይላል። አፈሩ የጎደለውን ነገር ለይቶ ማወቅ ግን በዓይን ብቻ የሚቻል አይደለም። ከደጋ አፈር ዘወትር ከሚጎድሉት ነገሮች አንዱ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ይኸውም በውሃ የሚሟሟ በመሆኑ፣ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዘመን ከተራራው እያጠበ በወንዝ ወደ ባሕር ወስዶታል። አፈሩ ያጣውን እህሉ ያጣዋል፤ እህሉ ያጣውን ደግሞ በላተኛው ያጣዋል። ስለዚህ ጎተራው የሞላና ላሙም የምትታለብለት ሰው እንኳ በአዮዲን ረገድ ደኻ ሊሆን ይችላል።

የሚያስፈልገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም፣ ለነፍሰ ጡርና ለምታጠባ እናት 250 ማይክሮግራም ይበቃል። ሰባ ዓመት የሚኖር ሰው የዕድሜ ልክ ድርሻው ተሰብስቦ ቢመዘን 4 ግራም አይሞላም። ሆኖም ሰውነት ለረዥም ጊዜ ሊያከማቸው ስለማይችል፣ ሳይቋረጥ ማግኘት ይኖርበታል።

በአንገት ፊት ለፊት ያለችው ታይሮይድ የተባለችው ዕጢ ሥራዋን የምትሠራው በዚህ አዮዲን ነው። ሲጎድልባት ያለውን ጥቂት ለመያዝ ስትጣጣር ታብጣለች፤ እንቅርት የምንለው ይኸው ነው። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» እያልን ስንተርት እንቅርቱን እንደ ዋና መከራ እንቈጥረዋለን። ዳሩ ግን ከእንቅርቱ ይልቅ የሚያሳዝነው ከዓይን የተሰወረው ጉዳት ነው።

የፅንስ አንጎል የሚታነጸው ከዚህች ዕጢ በሚወጣ ሆርሞን እየታገዘ ነው። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ፅንሱ የራሱን ሆርሞን ገና ስለማያዘጋጅ፣ የሚመካው እናቱ በምትሰጠው ብቻ ነው። እናቲቱ ከተቸገረች የልጁ አንጎል ግንባታ ይጓደላል፤ ይህም በኋላ በምግብም ሆነ በመድኃኒት የሚመለስ አይደለም። ጉድለቱ ሲበረታ ልጁ ደንቈሮና ድዳ ሆኖ፣ ወይም አእምሮው ደክሞ ይወለዳል። መለስተኛ ሲሆን ደግሞ ልጁ ጤነኛ መስሎ ያድግና ትምህርት ይከብደዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ ሰነፍ እያሉ መግረፍ ታላቅ በደል ነው።

በአልፕስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦችም በዚሁ ምክንያት ለብዙ ዘመን ተሠቃይተዋል። ስዊስ በ1922 እ.ኤ.አ. አዮዲን በጨው ላይ መጨመር ስትጀምር፣ እንቅርቱም የአእምሮ ድካሙም እየቀነሰ ሄደ። ጨው የተመረጠበት ምክንያት ሀብታሙም ደኻውም በየቀኑ ተቀራራቢ መጠን ስለሚበላው ነው።

በኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣ ከአሰብ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው ተቋረጠና፣ አዮዲን ያልተጨመረበት የአፍዴራ ጨው ገበያውን ያዘው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ቁጥር 204/2003 አዘዘ። ጨው ከባሕርም ይውጣ ከምድር፣ ሰው ካልጨመረበት በቀር በቂ አዮዲን የለውም።

ደንቡ ግን ጨውን እስከ ማጀት ተከትሎ ሊጠብቀው አይችልም። አዮዲን እርጥበት፣ ፀሐይና እሳት ያባክኑታል። ስለዚህ የቤት እመቤት ጨውን በታሸገ ከረጢት ትግዛ፤ በሚከደን ዕቃ አድርጋ ከምድጃ ታርቀው፤ ለወጡም ሊወጣ ሲል ትጨምረው። ቈሻሻውን ለማስለቀቅ ጨውን ማጠብ አዮዲኑን አብሮ ማፍሰስ ነው። ከበርበሬ ጋር ተደልዞ ፀሐይ ላይ የሰነበተ ጨውም እንደዚሁ ኃይሉ ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ጨው አብዝታችሁ ብሉ ማለታችን አይደለም፤ መጠኑ ሳይጨምር ዓይነቱ ይለወጥ ነው።

ጎመን እንቅርት ያመጣል የሚሉ አሉ። እርግጥ ጎመን የዕጢዋን ሥራ በመጠኑ የሚያውክ ነገር አለበት፤ ነገር ግን በቂ አዮዲን የሚያገኝ ሰው በልኩ ቢበላው አይጎዳውም። ደግሞም ጎመን፣ ምስርና ባቄላ ፎሌት የተባለውን ቪታሚን ስለሚሰጡ፣ እርሱም የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር በደንብ እንዲገጥም ስለሚረዳ፣ ለመውለድ ከምታስብ ሴት ገበታ መቅረት የለባቸውም።

ጉዳዩ በረቱንም ይነካል። አዮዲን የጎደላት ላም የሞተ ወይም ደካማ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ አንገቱ ያበጠ ጥጃ ትወልዳለች። ከብቱ የሚልሰው አሞሌ አዮዲን ስላልተጨመረበት ለዚህ አይረዳም። እንዲህ ያለ ጥጃ በበረቱ ያየ ገበሬ የከብት ሐኪም ያማክር፤ ላሚቱና ሚስቱ ከአንድ አፈር ይመገባሉና፣ በዚያው ቀን በማጀቱ ያለውን ጨው ይመልከት።