ብሮኮሊ ሲበስል

ብሮኮሊ አይጣፍጥም የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የቀመሱት ከልክ በላይ የበሰለውን ነው። እንደ ጥቅል ጎመን ድስት ውስጥ ሲንተከተክ ከቆየ አረንጓዴነቱ ይገረጣል፣ ይላሽቃል፣ ሽታውም ቤቱን ይሞላዋል። ይህን የቀመሰ ሰው ቢጠላው አይፈረድበትም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) በ1990 እ.ኤ.አ. በልጅነታቸው እናታቸው በግድ ያበሏቸው እንደነበር ተናግረው፣ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ወዲያ ግን ብሮኮሊ እንደማይበሉ በይፋ አስታወቁ። የካሊፎርኒያ አብቃዮች መልስ በጭነት መኪና ብሮኮሊ ወደ ዋሽንግተን መላክ ነበር!

መቶ ግራም ጥሬ ብሮኮሊ ካሎሪው 34 ገደማ ብቻ ሲሆን ቫይታሚን ሲው ግን ለአንድ አዋቂ የቀን ፍጆታ ይበቃል። ይህ ቫይታሚን ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ፣ ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ብዙውን አብረን እንደፋዋለን።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሰልፎራፌን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፖል ታላላይና ባልደረቦቻቸው በ1992 እ.ኤ.አ. ከብሮኮሊ ለይተው አወጡት፤ ሴሎች ጎጂ ነገሮችን የሚያስወግዱባቸውን ኢንዛይሞች ያነቃቃል። የካንሰር መድኃኒት ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ግን አትመኑ። ሰልፎራፌን በጥሬው ብሮኮሊ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቀንም። ቢላዋ ወይም ጥርስ ሲያርፍበት ተለያይተው የነበሩ ሁለት ነገሮች ይገናኛሉ፤ አንደኛው፣ ማይሮሲኔዝ የሚባለው ኢንዛይም፣ ሌላውን ወደ ሰልፎራፌን ይለውጠዋል። ኢንዛይሙ ሙቀት አይችልም። ስለዚህ ከትፋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ካቆያችሁት በኋላ እሳት ላይ ጣዱት። ጊዜ ካጠራችሁ ሰናፍጭ አለ! የሰናፍጭ ፍሬም ይኸው ኢንዛይም ስላለው፣ የተፈጨ ጥሬ ሰናፍጭ በበሰለው ብሮኮሊ ላይ መነስነስ የጠፋውን ይተካል። ለጾም ማዕድም ያምራል።

አበሳሰሉ ቀላል ነው፤ ጥቂት ውሃ አፍልታችሁ፣ ከውሃው በላይ በወንፊት አስቀምጣችሁ፣ ከድናችሁ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ በእንፋሎት አብስሉት። ደመቅ ያለ አረንጓዴ ሲሆን አውጡት። ግንዱን አትጣሉ፤ ልጣጩ ሲነሣ ውስጡ ጣፋጭ ነው፣ በስሱ ቆራርጣችሁ ከነጭ ሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር በዘይት ጠበስ ብታደርጉት ይወደዳል። ከፓስታም፣ ከእንቁላልም፣ ከሩዝም ይስማማል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ብሮኮሊ ቫይታሚን ኬ በብዛት ስላለው፣ ዋርፋሪን የተባለውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች የምትበሉትን መጠን በድንገት አትቀያይሩ፤ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።