«መንፈስ አለበት» ይባላል፤ እስቲ እንየው

የዚህ እትም የጥናት አምዳችን «መንፈስ አለበት»፣ «ሰይጣን ይኖርበታል»፣ «ማታ ማታ ኮቴ ይሰማበታል» ስለሚባሉ ቦታዎች ነው። አንድ ነገር ግን አስቀድመን እንነጋገር። ስለ እምነት ለመከራከር አልተነሣንም፤ ያ የየቤተሰባችንና የሃይማኖት አባቶቻችን ጉዳይ ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰዎች አንድን ቦታ የሚፈሩት እዚያ ምን አይተው፣ ምንስ ሰምተው ነው?

ከአዲስ አበባ እንጀምር። በቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ የጠራው ቤት ነበር። በኋላ ዘመን ሜጋ አምፊ ቴአትር የተባለው ማለት ነው። ስሙን ስትሰሙ ሰው የተገደለበት ወይም መቃብር የነበረበት ይመስላችኋል አይደል? አይደለም። ሲኒማ የሚታይበት ቤት ነበር! ከመቶ ዓመት በፊት የውጭ አገር ሰዎች ፊልም ማሳየት ሲጀምሩ ያየውም ያላየውም «ይሄማ የሰይጣን ሥራ ነው» አለ፤ በቃ ስሙ በዚያው ቀረ።

እኔ በበኩሌ በእነዚያ ሰዎች መሳቅ ልክ አይመስለኝም። እስቲ ራሳችሁን እነሱ ቦታ አስቀምጡ። ኤሌክትሪክ በየቤቱ የለም። ቴሌቪዥን የለም። ስልክ የሚባል ነገር የያዘ ሰው በመንደራችሁ የለም። አንድ ቤት ያስገቧችሁና መስኮቱን ሁሉ ዘግተው ያጨልሙባችኋል። ከዚያ ነጭ ጨርቅ ላይ ሰው ይመጣል። ይራመዳል፣ ይስቃል፣ አፉን ይከፍታል፤ ግን ድምፅ የለውም። ፊቱ እንደ ሰው ፊት ጠይም ወይም ቀይ አይደለም፣ አመድ መስሏል። ልትነኩት ብትሄዱ የምትነኩት ጨርቅ ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰው ደግሞ፣ ሞቶ የተቀበረ ሰው እንኳ በፊልም ላይ ቆሞ ሲሄድ ይታያል። ታዲያ መንፈስ ማለት ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

አሠራሩን ግን ዛሬ እናውቀዋለን። ሉሚየር የተባሉት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ለከፈለ ሰው ሁሉ ፊልም ያሳዩት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 28 ቀን 1895 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 1888 ዓ.ም. ማለት ነው። ከአድዋ ድል ሁለት ወር ገደማ ብቻ ይቀድማል። የእነሱ መሣሪያ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 16 ያህል ፎቶግራፎችን እየተካካ ያሳልፋል። እያንዳንዱ ፎቶ አይንቀሳቀስም። አንዱን ካየን በኋላ ቀጣዩ ቶሎ ስለሚተካ አእምሯችን ፎቶዎቹን ገጣጥሞ «ይንቀሳቀሳል» ብሎ ይነግረናል። የሰይጣን ቤት ሰይጣን እንግዲህ ያለው በራሳችን ዓይንና አእምሮ መካከል ነበር። በደብተራችሁ ጥግ ላይ በየገጹ ትንሽ ትንሽ የተለየ ሰው ሥላችሁ ገጾቹን በአውራ ጣት ብታስሮጡት እናንተም ትሠሩታላችሁ። (በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግን አይደለም።)

ወደ እንግሊዝ አገር ስንሄድ ደግሞ ወሬው የሚወራው ስለ አሮጌ ግንብ ነው። የለንደን ግንብ በዓለም ላይ መንፈስ ይታይባቸዋል ከሚባሉት ቦታዎች በጣም ከታወቁት አንዱ ነው። ንግሥት አን ቦሊን በባሏ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ትእዛዝ እ.ኤ.አ. ሜይ 19 ቀን 1536 በሰይፍ አንገቷን የተቀላችው እዚያ ነው። ብዙ ታሪክ ጸሐፊዎች የቀረበባት ክስ ሐሰት ነበር ይላሉ። ጭንቅላት የሌላት ሴት በሌሊት ትዞራለች የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ አልሞተም። ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ እንዲህ ያለ ተረት የሚበዛው ሰው ያለ ጥፋቱ በሞተበት ቦታ ላይ ነው። ሕዝቡ በደሉን አልረሳሁም የሚለው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

ዊንድዘር የሚባለው የነገሥታቱ ግንብም እንዲሁ ነው፤ የንጉሥ ሄንሪ ኮቴ ይሰማበታል እያሉ ያወራሉ። እዚህ ላይ ግን ትንሽ ቆም እንበል። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ያረፈው እዚያው ዊንድዘር ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ7 ዓመቱ ተወሰደ፤ በ1879 ገና በ18 ዓመቱ ታሞ ሞተ። ቤተሰቦቹ አፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ጠይቀው በ2023 የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት አይቻልም ብሏል። ስለማይታየው ስለ ንጉሡ ኮቴ ይህን ያህል እየተወራ፣ በእርግጥ እዚያ ስላለው ልጅ የሚያወራ ሰው ግን ትንሽ ነው። ከርዕሳችን ትንሽ ብንወጣም ሳንጽፈው ማለፍ አልፈለግንም።

በእኛ አገር «በቀትር ወንዝ ዳር አትሂዱ፣ ሰይጣን ይመታችኋል» ይባላል። አያቶቻችን ይህን ሲሉ ልጅ ማስፈራራታቸው ብቻ አይደለም። በክረምት እኛ ጋ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ ላይኛው ደጋ ላይ የዘነበ ዝናብ ድንገት ደራሽ ሆኖ ይመጣል፤ ብቻውን ሊዋኝ የሄደ ልጅ ማንም ሳያየው ይወሰዳል። ሰይጣኑን ፈርቶ ቤቱ የዋለ ልጅ ከደራሹም ተርፏል ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለውን የተዘጋ አሮጌ ዕቃ ቤት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። «ውስጡ የሞተች ሴት አለች፣ ማታ ማታ ጣሪያውን ትመታለች፣ ፊቷ ነጭ ነው» ይባላል። ይህ ወሬ ቀልድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍነው። ነገር ግን የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች እሱን ፈርተው ሽንታቸውን ይዘው እንደሚውሉ፣ አንዳንዶቹም ውኃ መጠጣት እንደተዉ መምህራኖቻቸው ነግረውናል። ስለዚህ ሦስት የክበባችን አባላት አስፈቅደን፣ ከክበቡ ተጠሪ መምህርና ከጥበቃው ጋሼ ጋር ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት በሩ አጠገብ ተቀመጥን።

ፀሐይ ስትገባ እውነትም ጀመረ። «ቋ!» ዝም ይላል። «ቋ! ቋ!» እንደገና ዝም። የተወራው ውሸት አልነበረም ማለት ነው፤ ድምፁ አለ። ግን በሳይንስ ትምህርት ብረት ሲሞቅ ይሰፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል ብለን ተምረን የለ? ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ የዋለ ቆርቆሮ ምሽት ላይ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሚስማሩ ደግሞ ይዞታል። ሲጎተት ይቆይና ድንገት ሲለቀው ይጮኻል። አዲሱ የመማሪያ ክፍላችን ጣሪያም ይሄንኑ ያደርጋል፤ በዚያ ሰዓት እኛ ቤታችን ስለሆንን ነው የማንሰማው።

ነጭ ፊት ያላት ሴትዮስ? ጋሼን ጠየቅናቸው። ሳቁና «ልጆቼ፣ እሷማ ጎረቤቴ ናት፤ ትንሽ ታገሡ» አሉን። ሊጨልም ሲል በተሰበረው መስኮት በኩል ወጣች። ጉጉት ናት! ፊቷ ነጭና ክብ ነው፣ ስትበር ክንፏ ምንም ድምፅ የለውም፣ ስትጮኽ ግን ሰው የሚጮኽ ይመስላል። የጉጉት ላባ ጫፉ እንደ ማበጠሪያ ስለተከፋፈለና ለስላሳ ስለሆነ አየሩን ሳያጮኽ ያሳልፋል፤ አይጥ ሳይሰማት የምትይዘውም ለዚህ ነው። «ጉጉት ከጮኸች ሰው ይሞታል» የሚሉ ብዙ ናቸው። በዕቃ ቤቱ ውስጥ ግን የምትገድለው አይጥ ነው፤ መጻሕፍታችንን የሚበላውን አይጥ። ስለዚህ እባካችሁ በድንጋይ አትምቷት።

ድምፅን ካነሣን አይቀር አንድ ታሪክ እንጨምር። ቪክ ታንዲ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ ማታ ቤተ ሙከራ ውስጥ ብቻውን ሲሠራ ላብ በላብ ይሆናል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ በዓይኑ ጥግ ግራጫ ነገር ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ዞር ሲል የለም። ሰውዬው የጎራዴ ግጥሚያ ስፖርተኛም ነበርና በማግስቱ ጎራዴውን ሊያስተካክል ሞርሳ ላይ አሰረው። ማንም ሳይነካው ጎራዴው መንቀጥቀጥ ጀመረ! እሱ ግን ከመሮጥ ይልቅ መለካት ያዘ። ጥፋተኛው አዲስ የተገጠመ የአየር ማውጫ ቬንትሌተር ሆኖ ተገኘ። በሰከንድ 19 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ድምፅ ያወጣ ነበር። የሰው ጆሮ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በታች አይሰማም፤ ስለዚህ አይሰማም እንጂ ሰውነቱን ይነዘንዘው ነበር። ቬንትሌተሩ ሲስተካከል ግራጫውም ነገር ጠፋ። ታንዲ ይህን እ.ኤ.አ. በ1998 አሳትሞታል። ሁሉም «መንፈስ አለበት» የተባለ ቤት ቬንትሌተር አለበት ማለት ግን አይደለም።

ዱካክስ? ይሄ ብዙዎቻችንን ይነካናል፣ በተለይ በፈተና ሰሞን። ትነቃላችሁ፣ ዓይናችሁ ያያል፣ ግን እጃችሁን ማንሣት አትችሉም። ደረታችሁ ላይ የሆነ ነገር ተቀምጧል፤ ጥግ ላይ ሰው የቆመ ይመስላል። «እማዬ!» ልትሉ ትፈልጋላችሁ፣ ድምፅ የለም። ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል ላይ፣ በሕልማችን ስንሮጥ ከአልጋ እንዳንወድቅ አንጎላችን ጡንቻዎቻችንን ያስራቸዋል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና እስሩ ሳይፈታ ይቀራል፤ ሕልሙም ገና አላለቀም። በቱርክ፣ በጃፓን፣ በካናዳም ለዚሁ ነገር የየራሳቸው ስምና የየራሳቸው ጭራቅ አላቸው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንቅልፍ ሲያንስና በጀርባ ሲተኙ ነው። አይገድልም፣ በጥቂት ደቂቃ ይለቃል። ስትነቁ ለታላላቆቻችሁ ንገሩ፤ ብቻችሁን ይዛችሁት አትቀመጡ።

የመጨረሻው ግን ከሁሉም የከፋው ነው፤ ይህንን ደግሞ ወላጆቻችሁም ቢሰሙት ጥሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ አንድ ቤተሰብ ወደ አሮጌ ትልቅ ቤት ገባ። ብዙም ሳይቆዩ ኮቴ መስማት ጀመሩ። ሰው በሌለበት ሰው የሚከተላቸው ይመስላቸዋል። ሌሊት አንድ ነገር ይዟቸው ከአልጋ መነሣት ያቅታቸዋል። ልጆቹ ገርጥተው ምግብ አስጠላቸው፣ ራስ ምታት አልለቅ አለ፣ በቤት ውስጥ ያለው አበባ እንኳ ደረቀ። ከዚህ በላይ የመንፈስ ቤት ከየት ይመጣል? በመጨረሻ የባልየው ወንድም «እናንተ እኮ እየተመረዛችሁ ነው» አላቸው። ቤቱን የሚያሞቀው ምድጃ ሲታይ ተበላሽቶ ጋዙን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ክፍሎቹ ይለቅ ነበር። ምድጃው ሲጠገን ኮቴው ጠፋ። አንድ የዓይን ሐኪም ታሪካቸውን በ1921 በሕክምና መጽሔት ላይ አወጣው።

የጋዙ ስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ እየተነፈስን እንታፈናለን ማለት ነው። በመጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያስመልሳል፤ የሌለ ነገር ሊታይ ወይም ሊሰማ ይችላል፤ ከዚያ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ተኝቶ የማይነቃም አለ።

ይህ የአሜሪካ ታሪክ ብቻ አይደለም። እኛ ቤት ትልቅ ምድጃ የለም፤ የከሰል ምድጃ ግን አለ። በክረምት ወይም በኅዳር ብርድ ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላ ፍሙ ክፍሉን እንዲያሞቅ ተብሎ በሩ ይዘጋል፤ ከስር ጨርቅ ይወተፋል፣ ሰው ይተኛል። ከሰሉ ጭሱን ስለጨረሰ ብዙ ሰው «አሁንማ አይጎዳም» ይላል። ጋዙ ግን የሚወጣው ከቀላው ፍምም ነው። ጠዋት ላይ ሁሉም ራሱን ካመመውና «ሌሊቱን አንድ ነገር ሲጫነን አደረ» ካሉ፣ ከሌላው ነገር ሁሉ በፊት ምድጃው የት እንዳደረ ጠይቁ። የከሰል ምድጃ ከመተኛታችሁ በፊት ውጭ ይደር፤ ዝናብ ካለም በረንዳ ላይ። አንድ ሰው ክፍል ውስጥ ወድቆ ካገኛችሁ በሩንና መስኮቱን በርግዳችሁ ወደ ንጹሕ አየር እንዲወጣ ትልቅ ሰው ጥሩ፤ ክፍሉ ውስጥ አትቆዩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው።

የዕቃ ቤቱን በተመለከተ፣ የተሰበረው መስኮት ለጉጉቷ መውጫ ቀርቶለት በሩ እንዲጠገን ክበባችን ለርዕሰ መምህራችን ደብዳቤ አስገብቷል። እስከዚያው ድረስ በረፍት ሰዓት ሁለት የክበባችን አባላት ቀይ ባጅ አድርገው መጸዳጃ ቤቱ መንገድ ላይ ይቆማሉ። ታናናሾቻችን፣ ከእነሱ ጋር ሂዱ።