አልገባ ያለ ኩሽኔታ

ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ባለው ጎዳና ግራና ቀኝ ጋራዡ፣ ቶርኖ ቤቱ፣ ብየዳ ቤቱና ወፍጮ ቤቱ ተደርድሯል። የሲኖትራክ ጎማ የሚያወርደውም፣ የወፍጮ ሞተር የሚፈታውም፣ የብሎኬት ማሽን የሚጠግነውም ውሎ አድሮ አንድ ሥራ ላይ ይገናኛሉ፤ አዲስ ኩሽኔታ ማስገባት ላይ። ሥራው ቀላል ይመስላል። አዲሱ ኩሽኔታ በወሩ መጮህና መጋል ሲጀምር ግን ጥፋቱ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ተብሎ በሻጩ ይላከካል። ፎርጅድ ዕቃ በገበያው መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም ብዙ ደህና ኩሽኔታ የሚበላሸው በሚገባበት ዕለት፣ በመዶሻ ሥር ነው። ስለዚህ አልገባ ሲል፣ ዘሞ ሲቀር ወይም ገብቶ አልዞር ሲል ምክንያቱን አንድ በአንድ እንይ።

መነሻው የልክ ጉዳይ ነው። ኩሽኔታን በዘንግ ላይ የሚያቆመው ጥብቀት ነው፤ ዘንጉ ከቀዳዳው በጥቂት ማይክሮን ይወፍራል፣ የውስጥ ቀለበቱም በመጠኑ ተለጥጦ ጭምቅ አድርጎ ይይዘዋል። የባቡር ጎማ በአክስሉ ላይ፣ የጥይት አረርም በቀልሃው አንገት ውስጥ የሚያዙት በዚሁ መንገድ ነው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። 6308 የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ኩሽኔታ እንውሰድ። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት ይሰጣሉ፤ 08 ማለት 40 ሚሊሜትር ነው። ስሌቱ ከ04 ጀምሮ ይሠራል፤ 00፣ 01፣ 02 እና 03 በቅደም ተከተል 10፣ 12፣ 15 እና 17 ሚሊሜትር ናቸው። ለ6308 በተለመደው የኬ6 ልክ የወጣ ዘንግ ከ40 ሚሊሜትር በላይ ከ2 እስከ 18 ማይክሮን ይተርፋል። ብዙው ካሊፐር 20 ወይም 50 ማይክሮን እየዘለለ ስለሚያነብ ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። ዘንጉም አንድ ቦታ ብቻ ተለክቶ አይታለፍም። ጫፉ፣ መሐሉና ሥሩ፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ያረጀ ዘንግ ሞላላ ሊሆን ይችላልና።

ኩሽኔታው ጭራሽ አልገባ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ንጽሕናው ነው። አሮጌው ሲወጣ ፑለር ወይም መዶሻ የተወው እሾህ፣ ዝገትና የደረቀ ግሪስ መንገድ ይዘጋሉ። እሾሁ በለስላሳ ሞረድ ተነክቶ ይነሳል፣ ዘንጉ በናፍታ ታጥቦ ይደርቃል፣ ቀጭን ዘይት ይቀባል። የዘንጉ ጫፍ በመጠኑ ካልተሸረፈ የቀለበቱ አፍ ስለት ላይ ይቆማል፤ እሱንም ቶርኖው ያስተካክለዋል። ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም አልገባ ካለና ማይክሮሜትሩ ዘንጉ ወፍራም ነው ካለ፣ ቦታው ቶርኖ ቤት ነው። በእጅ በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ዘንግ አንድ ጎኑ ሳስቶ ሌላው ወፍራም ሆኖ ይቀራል።

ወፍራሙን ዘንግ በጉልበት ማስገባት ለምን አይበጅም? በኳሶቹና በቀለበቶቹ መካከል ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት አለ። በ6308 ይህ ክፍተት ከ6 እስከ 20 ማይክሮን ነው፤ ሲ3 የሚል ምልክት ካለበት ከ15 እስከ 33። የውስጥ ቀለበቱ ሲለጠጥ ክፍተቱን ይበላል። ዘንጉ ከልኩ 30 ማይክሮን ቢያልፍ ኳሶቹ መላወሻ ያጣሉ፣ ኩሽኔታው በእጅ ሲዞር ይከብዳል፣ ሞተሩ ሲነሳ ይግላል፤ ግለቱ ቀለበቱን ይበልጥ ስለሚያስፋው ጭንቀቱ ይብሳል።

ዘሞ ከገባ ምልክቱ ግልጽ ነው፤ በአንድ ወገን ገብቶ በሌላው ይቆማል፣ የመዶሻው ድምፅም ከጥርት ወደ ድፍን ይለወጣል። እዚያ ላይ መምታት ማቆም ይገባል። ወጥቶ፣ ዘንጉ ላይ የጫረው ጠርዝ ተስተካክሎ፣ እንደገና ይጀመራል። ለመግፊያ የሚመረጠው አፉ ቀጥ ብሎ የተቆረጠና ልኩ ከቀለበቱ ጋር የሚሄድ ቱቦ ነው። ፕሬስ ካለ ደግሞ የተሻለ።

ዋናው ሕግ እዚህ ጋ ነው፤ የሚገፋው የሚጠብቀው ቀለበት ብቻ ነው። በዘንግ ላይ ሲገባ የውስጡ፣ ኩሽኔታው በሚታቀፍበት ቤት ውስጥ ሲገባ የውጩ ይገፋል። በተሳሳተው ቀለበት ላይ የተመታ መዶሻ ጉልበቱን የሚያሻግረው በኳሶቹ በኩል ነው። ኳሶቹም የሚሽከረከሩበትን መንገድ በእኩል ርቀት ይሰረጉዱታል። ጉዳቱ በዓይን ባይታይም ኩሽኔታውን ጆሮ አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ ለሚያዞረው እጅ ይታወቃል፤ ከክት ከክት ይላል። እንዲህ የሆነ ኩሽኔታ አይድንም።

መዶሻ የሚያስቀረው ሙቀት ነው። 40 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ቀለበት ከ20 ወደ 100 ዲግሪ ሲሞቅ በ38 ማይክሮን ገደማ ይሰፋል፤ ያኔ በእጅ ተንሸራቶ ይገባል። ዘዴው በንጹሕ ዘይት ውስጥ ከድስቱ ወለል ሳይነካ አንጠልጥሎ ማሞቅና ቴርሞሜትር መያዝ ነው። የውኃ ጠብታ ብረቱ ላይ ጥሎ መሞከር ልማድ ነው። አቃቂ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት ውኃዋ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። የሚንጫጫው ጠብታ ይህን ማለፉን ይናገራል፣ 120 ማለፉን ግን አይናገርም። ከ120 በላይ ብረቱ ልኩን መለወጥ ይጀምራል፣ እየጋለ ሲሄድም ጥንካሬውን ያጣል። የኦክስጅን ነበልባል ሰማያዊ ያደረገውን ኩሽኔታ መልሶ የሚያድን የለም። ጠብታው የሚሞከርበት ብረት ከዘይቱ የወጣ ይሁን፤ ትኩስ ዘይት ውስጥ የወደቀ ውኃ ፊት ያቃጥላል። ሁለት ጎኑ በጎማ የተሸፈነው ኩሽኔታ ግሪሱ ውስጡ ስላለ ዘይት ውስጥ አይገባም፤ በፕሬስ ቀዝቃዛውን ይገባል።

በሙቀት የገባ ኩሽኔታ ሌላ ጠባይ አለው። ሲቀዘቅዝ ወርዱም ስለሚያጥር ከዘንጉ ትከሻ በጥቂቱ ይርቃል። እስኪበርድ በቱቦ ተጭኖ ካልተያዘ ሥራ ላይ ይንሸራተታል። ቀዝቅዞም ቀጭን የብረት ቅጠል በቀለበቱና በትከሻው መካከል የሚገባ ከሆነ አልተቀመጠም። ይህ በዙሪያው ሁሉ ከታየ፣ ትከሻው ሥር ያለው ኩርባ ከኩሽኔታው የማዕዘን ኩርባ ሰፍቶ ይሆናል፤ ያኔ ቢመቱትም አይጠጋም፤ ኩርባውን ቶርኖ ያጠበዋል።

ከሁሉ የሚያታልለው እንደ ቅቤ የሚገባው ነው። ልል ቀለበት በዘንጉ ላይ እየዞረ ይበላዋል። ዘንጉን በመርፌ ፑንቶ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ማጥበቅ የተለመደ ቢሆንም ቀለበቱን የሚይዙት ነጥቦቹ ብቻ ስለሆኑ ፈጥነው ይደፈጠጣሉ። ዘላቂው መፍትሔ በብየዳ መሙላትና በቶርኖ ወደ ልኩ ማውጣት ነው። ሌሎቹ ኩሽኔታዎች ሳይወጡ ከተበየደም የብየዳ ማሽኑ የማሳ ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታ ውስጥ ካለፈ ኳሶቹንና መንገዳቸውን ያቃጥላል።

አዲስ ከመገዛቱ በፊት አሮጌው ይታይ። የውስጥ ቀለበቱ ቀዳዳ እንደ መስታወት ከተወለወለ ወይም ቡናማ ዱቄት ከያዘ ልል ነበር። በኳሶቹ ርቀት የተሰረጎደ ከሆነ ተቀጥቅጧል፤ ሰማያዊ ከሆነ በጣም ግሏል። ሶማሌ ተራ ወይም መርካቶ የሚወርድ ሰው የኩሽኔታውን ቁጥር ብቻ ይዞ ባይሄድ ይሻለዋል፤ ሲ3 መሆን አለመሆኑን፣ ጎኑ የተሸፈነ ወይም ክፍት መሆኑን፣ በተለይ ደግሞ የዘንጉን ልክ ጽፎ ይያዝ። ዘንጉ ካልተስተካከለ ሁለተኛውም ኩሽኔታ የመጀመሪያው ዕጣ ይደርሰዋል።