የስኳር በሽታ ለተገኘበት ገበሬ የሚሆን ትምህርት

የስኳር በሽታ እንዳለበት በቅርቡ የተነገረው ገበሬ ስለ ጤናውም ስለ እርሻውም ያስባል። በሽታው የዘወትር ክትትል የሚፈልግ ነው፤ ነገር ግን ሥርዓቱን የሚጠብቅ ሰው ማረስም ማጨድም ይችላል።

በሽታው ምንድር ነው፧

የበላነው እህል ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ስኳሩን ከደም ወደ ሰውነት ክፍሎች የሚያሳልፈው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲያንስ ወይም ኃይሉ ሲደክም ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ይህም ቦዩ ውሃ ሞልቶ ሳለ መግቢያው ተዘግቶ ማሳው እንደሚደርቅ ያለ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ውሃ ውሃ ይለዋል፤ ሽንቱ ይበዛል፤ እየበላ ይከሳል፤ ይደክመዋል።

ምን ማድረግ ይገባል፧

1. መድኃኒት። ክኒኑን ወይም መርፌውን በታዘዘው ሰዓትና ልክ መውሰድ ያስፈልጋል። ተሽሎኛል ብሎ መተው አደገኛ ነው። መጾም የሚፈልግ አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

2. ምግብ። ጤፍም ሆነ ማሽላ፥ ገብስም ሆነ በቆሎ፥ ሲበዛ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ እንጀራውን መጥኖ፥ ምስሩንና ጎመኑን ጨምሮ፥ ሰዓት ጠብቆ መብላት ይሻላል። ስኳር የበዛበት ሻይ፥ ለስላሳ መጠጥ፥ ብርዝና ጠጅ ይቅር።

3. የእርሻ ሥራ። ሥራ ስኳርን ስለሚቀንስ ይጠቅማል። ነገር ግን መርፌ የሚወስድ ገበሬ ቁርስ ሳይበላ ዕርፍ አይጨብጥ፤ በኪሱም ስኳር ይያዝ። ቢንቀጠቀጥ፥ ቢያልበው ወይም ግራ ቢገባው ስኳሩ ከልክ በታች ወርዷልና ሥራውን ያቁም፤ 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ ይጠጣ። በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ይድገም፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጥም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

4. እግር። በሽታው እግርን ስለሚያደነዝዝ እሾህ ቢወጋ ላይታወቅ ይችላል። በባዶ እግር ወደ ማሳ አይወጣም። ማታ ማታ እግርን ታጥቦ፥ በጣቶቹ መካከል አድርቆ፥ ውስጥ እግርን መመልከት ይገባል። ትንሽ ቍስልም ቢሆን ለጤና ጣቢያ ይታይ።

5. የኢንሱሊን አቀማመጥ። ኢንሱሊንን ሙቀት ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ትንሽ ሸክላ ማሰሮ በትልቅ ማሰሮ ውስጥ አኑሮ መካከሉን በእርጥብ አሸዋ መሙላት ነው። ብልቃጡን በንጹሕ ላስቲክ ጠቅልሎ በትንሹ ውስጥ ማስቀመጥ፤ በእርጥብ ጨርቅም ከድኖ ነፋስ ባለው ጥላ ማኖር። ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋልና አሸዋው አይድረቅ። የተከፈተ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሳምንት በላይ አያገለግልም።

የአደጋ ምልክቶች

ማስመለስ፥ የሆድ ሕመም፥ ቶሎ ቶሎና በረጅሙ መተንፈስ፥ ወይም መፍዘዝ ከታየ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ምግብ እንቢ አለኝ ተብሎ መርፌ በገዛ ፈቃድ አይቋረጥም።

ለልማት ሠራተኞች

በቀበሌያችሁ ውሃ ጥም የበዛበትንና ያለ ምክንያት የከሳውን ሰው ደሙ እንዲለካ ምከሩት። በሽታው የተገኘበትን ገበሬ የጓሮ ጎመን እንዲተክል እርዱት፤ የማሰሮውንም አሠራር በቤቱ ተገኝታችሁ አሳዩት። በአዝመራ ወራት ብቻውን ከማሳ እንዳይውል ለጎረቤቶቹ ንገሩ። ባልደረባው የአደጋውን ምልክት ካወቀ ሕይወቱን ሊያተርፍለት ይችላል።