የሞተር መብራት ምን ይላል? ምንስ አይልም?

ከአዳማ ወደ ወለንጪቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ከፊት የሚመጣ ተሳቢ መብራቱን ብልጭ አደረገ እንበል። ምን ማለቱ ነው? «እለፍ፣ ለቅቄልሃለሁ» ሊሆን ይችላል። «ቆይ፣ እኔ ልቅደም» ሊሆንም ይችላል። «ከኩርባው ጀርባ ትራፊክ ቆሟል»፣ «መንገዱ ላይ ከብት አለ»፣ «ረጅም መብራትህ ዓይኔን አጠፋው»፣ «መብራትህን ማጥፋት ረስተሃል»፣ አለዚያም እንዲያው የትውውቅ ሰላምታ። ሰባት ሐሳብ በአንድ ብልጭታ። መንገድ ላይ የሚውል ሰው ሰባቱንም ያውቃቸዋል። አደጋው የሚመጣው ላኪው አንዱን ሲያስብ ተቀባዩ ሌላውን ሲረዳ ነው።

በዚህ አለመግባባት ብዙ የሚጎዳው ሞተረኛ ነው፤ ከግጭት የሚጋርደው ሄልሜትና ጃኬት ብቻ ነውና። ስለዚህ መነሻችን ይህ ይሁን፦ የሞተር መብራት በአስተማማኝ ሁኔታ የሚናገረው «እዚህ ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ሰው ግቢ ደጃፍ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል መምጣቱን ያሳውቃል እንጂ «ይግቡ» ሳይባል በር አይገፋም። ብልጭታም እንደዚያው መልስ ይጠበቅለታል።

አዳማ የመንገዶች መገናኛ ናት። ወደ ምዕራብ በሞጆና በቢሾፍቱ በኩል አዲስ አበባ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ በወለንጪቲና በመተሐራ አልፎ የጅቡቲ መስመር ይቀጥላል፤ ወደ ደቡብ ደግሞ ኢተያና አሰላ አሉ። ከሞጆ የሚገነጠለው መንገድ መቂን፣ ባቱን (ዝዋይን) እና አርሲ ነጌሌን ይዞ ሻሸመኔ ይደርሳል። በ2007 ዓ.ም. የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት ከሚጣደፈው መኪና ብዙው ወደዚያ ዞረ። በአሮጌዎቹ አስፓልቶች ላይ ግን ሞተር፣ ባጃጅ፣ ጋሪ፣ አህያ፣ አይሱዙና ተሳቢ ዛሬም አንድ መንገድ ይጋራሉ። ከእነዚህ መካከል በመጠን ከትንንሾቹ፣ በፍጥነት ደግሞ ከትልልቆቹ የሚመደበው ሞተር ብቻ ነው። ሊታይ የሚገባውም ስለዚህ ነው።

መታየት ግን ቀላል አይደለም። የሚመጣ ነገር ምን ያህል እንደቀረበ የምንገምተው በአብዛኛው መጠኑ ዓይናችን ላይ እየሰፋ ሲሄድ በማየት ነው። ማታ መኪና ሲመጣ በሁለት መብራቶቹ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል፤ መቅረቡም ይታወቃል። የሞተር መብራት ግን አንድ ነጥብ ነው፤ ሲርቅም ነጥብ፣ ሲቀርብም ነጥብ። ከመጋቢ መንገድ ወደ ዋናው አስፓልት ሊገባ የቆመ ሾፌር ሞተሩ ገና ሩቅ ያለና ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስለዋል፤ «ሳይደርስብኝ እገባለሁ» ብሎም ይገባል። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚነዳ ሞተር በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር እንደሚጓዝ ልብ ይሏል።

ይኸው ስሕተት በሞተረኛውም ላይ ይደርሳል። አንድ መብራቱ የተቃጠለ አይሱዙ ከሩቅ ሞተር ይመስላል። የቀረው መብራት በመንገዱ ጠርዝ በኩል ያለው ከሆነ፣ የማይታየው የመኪናው ግማሽ አካል የሚገኘው በመሃል መስመሩ በኩል ማለትም ወደ እርስዎ ነው። ብቻውን የሚመጣ መብራት ሲያዩ «ሙሉ መኪና ነው» ብሎ ቀኙን መያዝ ይበጃል።

በቀን ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከሞጆ ወደ አዳማ የሚወስደው መንገድ ወደ ምሥራቅ ያቀናል። ጠዋት በዚህ አቅጣጫ የሚነዳ ሾፌር ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታዋለች፤ ከአዳማ የሚመጣውን ሞተረኛ የሚያየው እንደ ጥላ ነው። ሞተረኛው ፀሐይዋ ከጀርባው ስለሆነች መንገዱ ወለል ብሎ ይታየዋል፤ እናም እሱም የታየ ይመስለዋል። አመሻሽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ የሚቸገረው ወደ ሞጆ የሚነዳው ሾፌር ይሆናል። ጥላዎ ከፊትዎ ረዝሞ ከተዘረጋ፣ ከፊት ለሚመጣው ሰው በደንብ እየታዩ እንዳልሆነ ይወቁ፤ የበራ መብራት የሚጠቅመውም ያኔ ነው። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ድንግዝግዙ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ብቻ ነው የሚቆየው። መብራት ለማብራት ጨለማን መጠበቅ ያዘናጋል።

በየከተሞቻችን የሚታዩት ቦክሰርና ቲቪኤስ ሞተሮች የህንድ ሥሪት ናቸው። ህንድ ከእ.ኤ.አ. 2017 ጀምሮ በአገሯ የሚሸጡ አዳዲስ ሞተሮች መብራታቸው ከሞተሩ ጋር አብሮ እንዲበራ በሕግ አስገድዳለች፤ አውሮፓውያንም ተመሳሳይ ደንብ አላቸው። እኛ ዘንድ በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድ ሞተረኛ ከፊቱ የሚመጡት ጣታቸውን ገጥመው እየከፈቱ «በርቷል» ይሉታል። ሊረዱት ብለው ነውና እጅ ነሥቶ ሳያጠፉ መቀጠል ነው። የሞተሩ ጄኔሬተር ጤነኛ እስከሆነ ድረስ ሞተሩ እየሠራ መብራቱ ባትሪ አይጨርስም።

አሁን ወደ ብልጭታው እንምጣ። በብዙ ሞተሮች ላይ የመብራቱ ቁልፍ በመሪው ግራ እጀታ በኩል ነው፤ አውራ ጣት ረጅሙንና አጭሩን መብራት ይለዋውጣል፤ ባንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ለብልጭታ ብቻ የሚሆን፣ በጠቋሚ ጣት የሚነካ ቁልፍ አለ። ብልጭታ አጭርና አንድ ጊዜ ሲሆን ይደመጣል። ሲደጋገም ቁጣ ወይም ጥድፊያ ይመስላል።

ብልጭታ በተለይ የሚጠቅመው በሦስት ቦታ ነው። አንደኛው ማታ ከኩርባ ወይም ከአቀበት ጫፍ በፊት ነው፤ የብርሃኑ ጮራ ከእርስዎ ቀድሞ ከወዲያ በኩል ይታያል። ሁለተኛው ከጎን ሊገባ አፍንጫውን ላወጣ መኪና ነው። ሦስተኛው ደርቦ ከመቅደም በፊት ነው፤ ተሳቢው ጀርባ ተጠግተው የሾፌሩን ስፖኪዮ ማየት ካልቻሉ እሱም እርስዎን አያይዎትም። ወደኋላ ቀረት ብለው፣ ስፖኪዮው ሲታይ አንዴ ብልጭ አድርገው፣ መልሱን ይጠብቁ።

መልስ ስንል ምን ማለታችን ነው? የሌላውን መብራት ሳይሆን ጎማውን ማየት ነው። ጎማው መሽከርከሩን ካቆመ ሾፌሩ ቆሟል፤ በዝግታም ቢሆን ከተንከባለለ ገና አልወሰነም። የከባድ መኪና ሾፌሮች ከኋላ ላለ ሰው የቀኝ ፍሬቻ በማሳየት «እለፍ»፣ የግራ ፍሬቻ በማሳየት «አትምጣ» የሚሉበት ልማድ አለ። ደግ ልማድ ነው፤ ግን የግራ ፍሬቻ የእውነት ወደ ግራ ለመታጠፍም ይበራል፤ የቀኙም እንዲሁ ወደ ቀኝ ለመታጠፍና ለመቆም። ሾፌሩ «እለፍ» ቢልም ከፊት ለሚመጣው መኪና ኃላፊው የሚያልፈው ሰው ነው። መንገዱን በገዛ ዓይን ሳያዩ በሰው ፍሬቻ መውጣት አይገባም።

ያልተላከ ብልጭታም አለ። ሞተር በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ሲያልፍ ፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ከወዲያ ማዶ ለቆመው ባጃጅ ይህ ልክ እንደ ብልጭታ ይታየዋል፤ «ለቀቀልኝ» ብሎ ሊዞር ይችላል። መብራታቸው ከባትሪ ሳይሆን በቀጥታ ከሞተሩ ኃይል በሚያገኝ አሮጌ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቤንዚን ሲቀነስ መብራቱ ይደክማል፣ ሲጨመር ይጎላል። ይህም ከሩቅ ምልክት ይመስላል። ጉብታ ከተሻገሩ በኋላ ሰው መንገድዎ ላይ ሊገባ እንደሚችል ገምተው እጅዎን ፍሬኑ ላይ ያቆዩ።

ሌሎች አገሮችም ይህን የብልጭታ አለመግባባት በመንገድ ሕግ ለመፍታት ሞክረዋል። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ መብራት ብልጭ የሚደረገው መኖርን ለማሳወቅ ብቻ እንደሆነ፣ ማንም ሰው ብልጭ ስላሉለት ብቻ ተጋብዣለሁ ብሎ እንዳይገባ ይመክራል። የጀርመን ሕግ ከከተማ ውጭ ደርቦ መቅደምን በአጭር ብልጭታ ማስታወቅን ይፈቅዳል። ሁለቱም ብልጭታውን ለማሳወቂያ እንጂ ለፈቃድ መስጫ አላዋሉትም።

«ትራፊክ አለ» የሚለው ብልጭታ ብዙ ያከራክራል። ለሞተረኛ ግን ከፊት ያለው ትራፊክ ይሁን፣ የተገለበጠ መኪና ይሁን፣ የሚሻገር ከብት ይሁን፣ መልሱ አንድ ነው፤ ፍጥነት መቀነስ።

የመጨረሻው ጉዳይ ረጅም መብራት ነው። ከፊት የሚመጣን ሾፌር ዓይኑን ካጠፉት ለተወሰኑ ሰከንዶች የሚነዳው በጭፍን ነው፤ የሚነዳውም ወደ እርስዎ ነው። ስለዚህ ከፊት መብራት ሲታይ ወደ አጭሩ መመለስ ከጨዋነትም በላይ ራስን ማዳን ነው። ሌላው ካልመለሰ አንዴ ብልጭ አድርገው ያስታውሱት፤ እምቢ ካለ ዓይንዎን ወደ መንገዱ ቀኝ ጠርዝ አድርገው ፍጥነት ይቀንሱ። በረጅም መብራት መበቀል በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ጭፍን ሰዎችን ማገናኘት ነው።

አጭሩ መብራትም ቢሆን ያለቦታው ካበራ ዓይን ያጠፋል። ከኋላ ሰው ወይም ጆንያ ሲጫን የሞተሩ ጀርባ ዝቅ፣ ግንባሩ ቀና ይላል፤ መብራቱም ወደ ሾፌሮች ዓይን ይወጣል። ማስተካከያው ቀላል ነው። የተለመደውን ጭነት ጭነው ሞተሩን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቀው ያቁሙት። የመብራቱን መሃል ከመሬት ለክተው ያንኑ ከፍታ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት። የአጭሩ መብራት የላይኛ ጠርዝ ከምልክቱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ የመብራቱን ማሰሪያ ብሎን ላላ አድርገው ያዘንብሉት፣ መልሰው ያጥብቁ። ለተራ አምፖል በተሠራ መብራት ውስጥ ነጭ ኤልኢዲ የሚያስገቡ ሰዎች ብርሃን ያገኙ ይመስላቸዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጨረሩ ይበተናል፣ መንገዱን ሳይሆን ሰውን ያበራል። ራሱ የሚብለጨለጭ ጌጥ ያሰረ ደግሞ ምልክት ሲያሳይ ማንም አይለየውም።

ቁልፉ፣ ግድግዳውና ጠመኔው በማንም እጅ ያለ ነገር ነው። የሚከብደው ብልጭ ካደረጉ በኋላ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ትዕግሥት ነው፤ የሌላው ጎማ ቆሞ እስኪያዩ ድረስ መንገዱ የእርስዎ እንዳልሆነ አድርጎ መንዳት።