በባንክ መስኮት ኋላ ስለሚቀመጠው ሰው

አንባቢ ሆይ፤ ከጎረቤትህ ጓዳ አንድ ቁና ጤፍ ብታነሣ ሌባ እንደምትባል ታውቃለህ። ነገር ግን በባንክ መስኮት ፊት ቆመህ ሳለ ገንዘብ ከፋዩ ተሳስቶ አብዝቶ ቢሰጥህ ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው «የባንክ ገንዘብ ነው፤ ባንክ አይደኸይም» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ይህ ቃል ሐሰት መሆኑን እንመልከት።

እስኪ ወደ ካዛንችስ እንሂድ። የሰፈሩ ስም ራሱ ከደመወዝተኛ ጋር ዝምድና አለው። ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ፥ ኢንቺስ የተባለው ድርጅታቸው በዚያ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ሠራ፤ ካዛ በቋንቋቸው ቤት ማለት ነውና ከዚህ የተነሣ ካዛንችስ ተባለ። ዛሬ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቂርቆስ ለሚወርድ ሰው በየመንገዱ የባንክ በር አይጠፋውም።

በአገራችን የመጀመሪያው ባንክ በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሥራውን ሲጀምር፥ በገበያ የሚዘዋወረው የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረ። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ስለሚመዝን አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይሆናል፤ የበቅሎ ጀርባ ያውቀዋል። የወረቀት ገንዘብ ግን ቀጭን ነው፤ አዲስ ሲሆንማ እርስ በርሱ ይጣበቃል። በመስከረም 2013 ዓ.ም. ባለ 10፥ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ኖቶች ተለውጠው ባለ 200 በተጨመረ ጊዜ፥ ገንዘብ ከፋዮች አሮጌውን እየተቀበሉ አዲሱን እየቈጠሩ ስንት ቀን እንደ ደከሙ የተሰለፈ ሁሉ አይቶአል። በባለ 200 ኖት 10 ሺህ ብር ማለት 50 ወረቀት ነው። ኀምሳውን ከኀምሳ አንዱ ዐይን አይለየውም።

ገንዘብ ከፋዩ ጧት ከካዝና ገንዘብ ፈርሞ ይረከባል፤ ማታ ደግሞ የተቀበለውንና የከፈለውን አስተያይቶ ሂሳቡን ይዘጋል። የጎደለ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ከገዛ ኪሱ ይተካል። እንግዲህ «ባንክ አይደኸይም» ያለው ሰው የወሰደው ከባንክ አይደለም፤ የቤት ኪራይ ከሚጠብቀው፥ የልጆቹን ቀለብ ከሚሸምት ደመወዝተኛ ነው እንጂ።

ደግሞም ፊደል ያልቈጠረች አሮጊት ገንዘቧን ለመውሰድ ስትመጣ በአውራ ጣቷ ትፈርማለች፤ ገንዘብ ከፋዩም ቀስ ብሎ ያስረዳታል። በሰልፍ ያለው የተማረ ሰው ያን ጊዜ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል። በ2017 ዓ.ም. ከካዛንችስ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ፥ እንዲህ ያሉ እናቶች ፊታቸውን የሚያውቀውን መስኮት ትተው ሄዱ። እኔ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አልቈጥረውም።

«ዛሬ ገንዘብ የሚላከው በስልክ፥ የሚወጣውም ከማሽን ነው፤ የምን መስኮት?» የሚል ይኖር ይሆናል። መልካም። በመጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መሣሪያ ተበላሽቶ፥ ደንበኞች በሂሳባቸው ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ፈጥኖ ተሰማ፤ በየማሽኑም ፊት ተሰለፉ። በአንድ ሌሊት የሄደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበረ። ባንኩ አስታውቆ ብዙዎች መለሱ፤ ያልመለሱት ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ለሕዝብ ወጣ። ከእነዚህ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከሰው ኪስ የማይሰርቁ ልጆች እንደ ነበሩ አምናለሁ። ነገር ግን ከማሽኑ ኋላ የሰው ፊት አልታያቸውም።

ይህን የምጽፍ እኔም ነጻ አይደለሁም። አንድ ቀን በካዛንችስ ከአንድ ባንክ ገንዘብ ተቀብዬ ቂርቆስ ካለው ቤቴ ስቈጥር አምስት ባለ 200 ኖት ተርፎ አገኘሁ። መሽቶአል ብዬ አደርሁ፤ በማግሥቱ ዝናብ ነው አልሁ። በሦስተኛው ቀን ይዤ ብሄድ ልጅቱ ያው በመስኮቷ ተቀምጣለች። ነገሩን ብነግራት ዝም ብላ አየችኝ፤ ከዚያም «አባቴ፥ እኔ በዚያኑ ማታ ከፍዬዋለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችኝ። አለቃዋን ጠርታ አሳየችው፤ ብሩንም ወደ ካዝናው ሳይሆን ወደ ገዛ ቦርሳዋ ከተተችው።