አንዱ ሲጨርስ ሌላው ገና ሲጀምር

በማስተማር ልምምድ ላይ የቆየን ሁላችንም ይህን አይተናል። ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል «ምንባቡን በለሆሳስ አንብቡ» እንላለን። ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ፊት የተቀመጡት «ጨረስን ጋሼ!» ይላሉ። ኋላ ያሉት ገና አርእስቱ ላይ ናቸው። ታዲያ ማንን እንጠብቅ? ማንንስ ጥለን እንሂድ?

እኛም ባለፈው ልምምዳችን ሁለተኛ ክፍል ገብተን ስሕተት ሠርተናል። አንድ ልጅ ምንባቡን ያለ እንከን ሲወጣው «ጎበዝ!» ብለን አስጨበጨብንለት። በማግሥቱ ከመካከል አንድ ቃል በጣታችን ብናሳየው ዝም አለ። ለካ ጓደኞቹ ሲያነቡ ሰምቶ ሸምድዶት ኖሯል! ጭብጨባችን ችግሩን ሸፈነው እንጂ አልረዳውም። ነገሩ የአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

ለመሆኑ መዘግየቱ ከየት ይመጣል? ፊደላችን 33 ሆኖ በሰባት ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው። ልጁ ገበታውን በዜማ ስለለመደው «ሎ»ን ሲያይ በልቡ «ለ፣ ሉ፣ ሊ...» ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ሌላው «ለ»ንና «ሰ»ን፣ «ተ»ንና «ቸ»ን ያምታታል። ዓይኑ ደክሞ ሰሌዳው የማይታየውም አለ። ስለዚህ «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት ምክንያቱን እንፈልግ።

ፍጥነት ብቻውንም ንባብ አይደለም። ጽሑፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል» ማለት ነው። ትርጉሙን ሳይዝ የሚሮጥ ልጅም እርዳታ ያሻዋል።

ምን እናድርግ?

1ኛ/ በየቀኑ አምስት ልጆች ለየብቻ እናስነብብ። ሌሎቹ ሲጽፉ ከዴስኩ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንድ ደቂቃ መስማት ይበቃል። በ12 የትምህርት ቀን ስድሳውንም እናዳርሳለን። ከመካከል ማስጀመርን አንርሳ።

2ኛ/ የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ እንከፋፍለው፦ 10 ደቂቃ በጋራ፣ 20 ደቂቃ በቡድን፣ 10 ደቂቃ እንደገና በጋራ።

3ኛ/ በቡድኑ ጊዜ ለፈጣኖቹ እጅ አጣምሮ መጠበቅ የለም፤ ከምንባቡ ሦስት ጥያቄ ያውጡ ወይም መጨረሻውን ለውጠው ይጻፉ። መካከለኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይደማመጡ። እኛ ከዘገዩት ጋር እንቀመጥ። ፊደሉን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈን፣ ተራውን አዘበራርቀን እናስለያቸው፤ ዜማው ሲቋረጥ ዓይን መሥራት ይጀምራል።

4ኛ/ ቡድኑ ቋሚ አይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ እንየው። የሚዘገየውን ልጅ ድንገት አስነስተን መሳቂያ አናድርገው፤ የተሳቀበት ልጅ ነገ ከትምህርት ቤት ይቀራል። ዛሬ የተለማመዳትን ሁለት መስመር ነገ ያንብብ።

ያ ያጨበጨብንለት ልጅ ልምምዳችን እስኪያልቅ ሙሉ ምንባብ አላነበበም። ግን በመጨረሻው ሳምንት «ሎሚ» የምትለዋን ቃል ሳይቆጥር አነበባት። ያን ጊዜ ማንም አላጨበጨበም፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አየን።

እናንተስ ምን አጋጠማችሁ? ጻፉና ለዝግጅት ክፍሉ ስጡን፤ በሚቀጥለው እትም እንለጥፈዋለን።